ጀልባ ላይ ምድጃ ሲበላሽ፦ ከሀዋሳ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሀዋሳ ሐይቅ ላይ ባለ ጣሪያ ትንሽ ጀልባ አለችኝ፤ በሳምንት ሦስት አራት ቀን እዛው አብስዬ እዛው ስለማድር ሰው ሁሉ ምድጃ ምድጃውን ይጠይቀኛል።

ጀልባ ላይ የትኛው ምድጃ ይሻላል? ከሰል፣ ላምባ ወይስ ጋዝ?

እኔ ጋዝ ነው የምለው። ቶሎ ይበራል፣ ቶሎ ይጠፋል፣ አመድ የለውም። ነፋስ ሲነሳ እሳቱን በአንድ እጅ ማጥፋት መቻል ጀልባ ላይ ትልቅ ነገር ነው። ከሰልን ሞገድ መጣ ብላችሁ አታጠፉትም። ፍሙ ከተበተነ ደግሞ የሚያርፈው እንጨት ወለል ላይ ነው።

ላምባ እንደ ጋዝ ሾልኮ ወለል ስር አይጠራቀምም፣ ይሄ መልካም ጎኑ ነው። ግን ክሩን በየጊዜው መቁረጥ አለ፣ ድስት ያጠቁራል፣ ቡናው ሳይቀር ላምባ ላምባ ይላል። የኤሌክትሪኩን ታች ለብቻው አነሳዋለሁ። እንጀራ ግን ጀልባ ላይ አይጋገርም። ከከተማ ገዝታችሁ ግቡ፣ አትድከሙ።

የተበላሸውን ላስጠግን ወይስ አዲስ ልግዛ?

ምድጃዬ ተበላሸ ብለው ከሚመጡት ብዙዎቹ የተበላሸባቸው ምድጃው አይደለም። ወይ የጋዝ ጎማው ነው፣ ወይ ሲሊንደሩ አፍ ላይ ሆኖ የጋዙን ግፊት የሚመጥነው ሬጉሌተር፣ ወይ ጋዙ የሚወጣበት ኖዝል ተደፍኖ ነው። እነዚህ በትንሽ ብር የሚቀየሩ ወይም በነፃ የሚጸዱ ነገሮች ናቸው።

አዲስ ግዙ የምለው በሁለት ምክንያት ብቻ ነው። አንደኛ፣ የምድጃው አካል ዝጎ ድስት ሲቀመጥበት የሚዋልል ከሆነ። ሁለተኛ፣ ማብሪያው ጥብቅ ተደርጎ ተዘግቶም ከስሩ ጋዝ የሚያሾልክ ከሆነ። ማብሪያውን ፈትቶ ግራሶ ቀብቶ የሚመልስ ሠራተኛ አይጠፋም። ለአንድ ወር ይይዛል። ቤት ውስጥ ቢሆን እንጃ፣ ጀልባ ላይ ግን እሱን ወር አልተኛበትም።

መለዋወጫው ሀዋሳ ላይ ይገኛል?

ጎማ፣ ሬጉሌተር፣ የጎማ ማሰሪያ ብረት ገበያ አካባቢ ካሉት የቤት ዕቃ ሱቆች አይጠፋም። እዚህ ካጣችሁ ሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ደርሶ መልስ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እንደ ቴርሞካፕል (እሳት ሲጠፋ ጋዙ እንዲዘጋ የሚያደርገው ክፍል) ያለውን ግን ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ፣ ከመርካቶ፣ አስልካለሁ።

አሮጌውን ክፍል ፈትታችሁ በኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ፎቶ አይበቃም። የሲሊንደር አፍ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፣ ሬጉሌተሩም እንደዛው። ባሕር ላይ በጀልባ የሚኖሩ ፈረንጆችን ከሚያማርሯቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነው፤ የአንዱ አገር ሲሊንደር ከሌላው አገር ሬጉሌተር ጋር አይገጥምም። እነሱ አገር ቀይረው ነው። እኛ ከሀዋሳ ሳንወጣም ያጋጥመናል።

እሳቱ ቢጫ ሆነ፣ ድስቱም ይጠቁራል። ምንድን ነው?

ጋዙ በቂ አየር አላገኘም ማለት ነው። ደህና እሳት ሰማያዊ ነው፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ቢጫ ብልጭ ቢል ችግር የለውም። መጀመሪያ የበርነሩን፣ ማለትም እሳቱ የሚወጣበትን፣ ክዳን አንሱና መልሳችሁ በደንብ አስቀምጡት። ጀልባ ስትናወጥ ክዳኑ ጎኑ ላይ ይጋደማል፣ ግማሹ ጥያቄ እዚህ ላይ ያልቃል። ቀጥሎ ቀዳዳዎቹን እዩ። ገንፍሎ የደረቀ ሽሮ ካለ በጥርስ ብሩሽና በሳሙና ውሃ ይለቃል።

አሁንም ቢጫ ከሆነ ወደ ኖዝሉ ነው። ኖዝል ማለት ጋዙ የሚወጣበት፣ መሀሉ ላይ ዓይን የማይሞላ ቀዳዳ ያለው ትንሽ የነሐስ ብሎን ነው። ፍቱት፣ ለተወሰነ ሰዓት አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ እጠቡት፣ ወደ ብርሃን አቅንታችሁ አጮልቁበት። ክብ ብርሃን ካያችሁ ጸድቷል። መርፌ አታስገቡበት! ነሐስ ለስላሳ ነው፣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ከዛ በኋላ እሳቱ እድሜ ልኩን ቢጫ ነው። አየር የሚገባበትንም አፍ እዩ። ሐይቅ ዳር መብራት ያየ ትንኝ ሁሉ የሚሞተው እዛ ውስጥ ነው የሚመስለው፤ ሸረሪትም ቤቷን ትሠራበታለች።

ጋዝ ሸተተኝ። መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ሲሊንደሩን ዝጉ። ሌላ ምንም አትንኩ። መብራት ማብራትም ማጥፋትም የለም፣ ክብሪት የለም፣ ሞተር ማስነሳት የለም፣ ስልክም ይቆይ። ሰው ሁሉ ወደ ውጭ ይውጣ።

ምክንያቱ ይሄ ነው። የምግብ ማብሰያ ጋዝ የፕሮፔንና የቡቴን ድብልቅ ነው። ፕሮፔን ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል፣ ቡቴን ሁለት ጊዜ ያህል ይከብዳል። ቤት ውስጥ ቢያፈስ በበር ስር ሾልኮ የመውጣት ዕድል አለው። ጀልባ ግን ጎድጓዳ ሳህን ናት፣ ከስር በር የላትም። ጋዙ እንደ ውሃ ይወርድና ወለሉ ስር ይተኛል። እናንተ ቆማችሁ አፍንጫችሁ ምንም አይሸተውም፣ እግራችሁ ስር ግን ሞልቷል።

በራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ። አንድ ሰሞን የጎማ ማሰሪያ አጣሁና ጎማውን በቀጭን ሽቦ ጠምጥሜ በፒንሳ አጠበቅኩት። ሦስት ወር ሠራ። አንድ ቀን ማለዳ ቡና ላፈላ ክብሪቱን ይዤ ሳጎነብስ ሽታው ፊቴን መታኝ። ክብሪቱን እንደያዝኩ ወጣሁ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። ሲሊንደሩን ዘግተን የወለሉን ሳንቃ አነሳንና እኔና አንድ ዓሣ አጥማጅ ጎረቤቴ ጋዙን በፕላስቲክ ባልዲ እየቀዳን ወደ ውጭ ደፋነው። ከዳር የሚያየን ሰው ባዶ ባልዲ ሲደፋ የዋለ እብድ ነው ያለን። ግን ከአየር የሚከብድ ነገር በባልዲ ይቀዳል፤ የቆዩ ባሕረኞችም እንደዚሁ ነው የሚያደርጉት። በኋላ ጎማውን ስፈታው ሽቦው ሥጋው ውስጥ ገብቶ ነበር፣ አፉም እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቋል።

የሚያፈስበትን ቦታ መፈለግ የሚቻለው አየሩ ከጸዳ በኋላ ነው። የሳሙና አረፋ በስፖንጅ እየቀባችሁ ከሲሊንደሩ አፍ እስከ ማብሪያው ሂዱ፤ አረፋው የሚያብጥበት ቦታ እሱ ነው። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው ዛሬም አለ። ባለሙያ ነኝ ቢላችሁም ከጀልባችሁ አስወርዱት።

ጎማና ሬጉሌተር በስንት ጊዜ ይቀየራል?

ደህና የጋዝ ጎማ ላዩ ላይ ዓመተ ምህረት ታትሞበታል፤ ሳትገዙ አንብቡት። የተለመደው ምክር እንደ ጎማው ዓይነት ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ነው። እኔ በሁለት ዓመት እቀይራለሁ፣ ምክንያቱም ፀሐይ ይመታዋል፣ ጀልባዋም በተናወጠች ቁጥር ከብረት ጋር ይፋተጋል። ከዛ በፊትም ጎማውን በጣታችሁ እጠፉት። ከደረቀ ወይም ስንጥቅ ካሳየ ዕድሜው አልቋል። የውሃ ጎማ ደግሞ የጋዝ ጎማ አይደለም፤ ጋዙ ያሟሟዋል።

ሬጉሌተር አይጠገንም። ውስጡ ያለው ስስ ጎማ ሲደክም እሳቱ ከፍ ዝቅ ማለት ይጀምራል፣ ወይም ሬጉሌተሩ ራሱ ይሸታል። ያን ጊዜ ይጣላል። ከፍቶ ጎሚኒ የሚቀይርላችሁ ሰው ካገኛችሁ አመስግናችሁ እለፉ።

ሲሊንደሩ ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ እንዴት አውቃለሁ?

ሚዛን ላይ አውጡት። ባዶ ክብደቱ አንገቱ ላይ ተቀርጿል፤ ከሚዛኑ ላይ እሱን ስትቀንሱ የቀረው ጋዝ ነው። ሚዛን ከሌለ ለብ ያለ ውሃ በጎኑ አፍስሱበትና በመዳፋችሁ ከላይ ወደ ታች ዳብሱት። ድንገት የሚቀዘቅዝበት መስመር የፈሳሹ ልክ ነው። መነቅነቅ ምንም አይነግራችሁም።

ሲሊንደሩን የት ላስቀምጠው?

ውጭ፣ ጥላ ስር፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ በገመድ ታስሮ። ለመርከብና ለትልልቅ ጀልባ ሠሪዎች ሕጉ የታወቀ ነው፤ ሲሊንደሩ ወደ ውስጥ ምንም ቀዳዳ የሌለው የራሱ ሳጥን ይሠራለታል፣ የሳጥኑ ግርጌ ላይ ደግሞ ከውሃው መስመር በላይ ወደ ውጭ የሚያወጣ ቀዳዳ ይኖረዋል። የፈሰሰው ጋዝ ወደ ጀልባዋ ሆድ ሳይሆን ወደ ሐይቁ ይወርዳል። እኔ ይህንኑ ከኋላ ጥግ ላይ በቆርቆሮ አሠራሁት። የቆርቆሮ ሠራተኛው «ታቹን ለምን ትበሳዋለህ?» እያለ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ።

ቀጥ ብሎ ይቁም የምለው ደግሞ እንዲሁ ለማማር አይደለም። ከተጋደመ ወደ ሬጉሌተሩ የሚሄደው ጋዝ ሳይሆን ፈሳሹ ነው፣ እሳቱም በአንድ ጊዜ ቦግ ይላል። ባጃጅ ውስጥ አጋድማችሁ ካመጣችሁት አቁሙትና ጥቂት ይረፍ። ከሞተሩ የቤንዚን ጀሪካንም አርቁት።

ጉም ሲሆን ወይም ሲዘንብ ከሰሉን ወደ ውስጥ ማስገባት ይቻላል?

አይቻልም። ከሰል ሲነድ የሚለቀው መርዘኛ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታ የለውም፣ ጭስ የለውም። ፍሙ ቀልቶ ንጹሕ ሲመስልም ይወጣል። በሸራ የተዘጋች ጀልባ ከአንድ ክፍል ቤት ትጠባለች። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመራችሁ የባሕር ሕመም ነው ብላችሁ አትተኙ፣ ውጡ።

ውጭ ለምትጠቀሙበት ከሰል ግን ላቀች ምድጃ ጥሩ ነው። ውስጡ ያለው ሸክላ ሲሰነጠቅ ሙሉውን አትጣሉ፤ ስንጥቁ ቀጭን ከሆነ በሲሚንቶና በአመድ ድብልቅ ይያዛል፣ ተቆርሶ ከወደቀ ብቻ ነው የሚቀየረው።

ሶላርና ባትሪ አለኝ። የኤሌክትሪክ ምድጃ አይሻልም?

እስቲ አብረን እናስላ። 12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት የሆነ ባትሪ ሙሉው 1200 ዋት ሰዓት ነው። የመኪና ዓይነት የእርሳስ ባትሪ ከሆነ ከግማሽ በታች ባታወርዱት ይመረጣል፣ ስለዚህ በእጃችሁ ያለው 600 ነው። 1000 ዋት ምድጃ ብታገናኙበት ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ዕቃ) የሚበላው ተቀንሶ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ሽሮው ሳይንተከተክ መብራቱም ሞተር ማስነሻውም አብረው ሞቱ ማለት ነው። ምጣድማ ከ3000 ዋት በላይ የሚጎትት ዕቃ ነው፣ አናንሳው።

ባትሪውን ለመብራት፣ ለስልክና ለጋዝ ማስጠንቀቂያ ደወል ተዉት። ደወሉን ካገኛችሁ የምትገጥሙት ጣሪያ ላይ ሳይሆን ወለል አጠገብ፣ ውሃ በማይነካው ቦታ ነው። ለምን እንደሆነ አሁን ታውቃላችሁ።

ሞገድ ሲመጣ ድስቱ እንዳይገለበጥ ምን ይደረጋል?

የውቅያኖስ ጀልባዎች ምድጃ በሁለት ጎኑ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል፤ ጀልባዋ ስታዘነብል ምድጃው ቀጥ ይላል። ለሀዋሳ ሐይቅ ይሄ ሁሉ አያስፈልግም። ምድጃውን በብሎን ወለሉ ላይ እሰሩት፣ ዙሪያውን አራት ጣት ከፍታ ያለው የብረት አጥር አስበይዱለት፣ ድስቱንም ከግማሽ በላይ አትሙሉ። የሚወዛወዝ ምድጃ ያላችሁ ደግሞ ከኋላ ያለውን ጎማ ቶሎ ቶሎ እዩት፣ ሲወዛወዝ የሚፋተገው እዛ ነው።

ከሁሉም በላይ ሰዓት ምረጡ። ሐይቁ ጠዋት እንደ መስታወት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል። የሚጠበሰው ቆሮሶ ዓሣ ከምሳ በፊት ይጠበስ፤ የፈላ ዘይት ይዞ ከሞገድ ጋር መታገል ምን ያደርጋል? ከሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል፣ የዓሣ ሾርባ ገዝቶ መብላትም ነውር አይደለም። ለጀበናዬ ደግሞ ማቶቱን ከወትሮው ጠለቅ አድርጌ አሠራሁና ከስሩ በሚስማር መታሁት። ሦስት ጀበና ከሰበርኩ በኋላ ነው ይህ ብልሃት የመጣልኝ።

ባቄላና ምስር አልበስል አለኝ። ምድጃው ደክሞ ነው?

ምድጃው ምንም አልሆነም። ሀዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1700 ሜትር ገደማ ናት፣ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። እሳቱን ብትጨምሩም ሙቀቱ ከዛ አይዘልም፣ ጋዝ ብቻ ነው የሚያልቀው። ፕሬዠር ድስት ያዙ። የሚደክመው የክዳኑ ጎሚኒ ነው፤ በጎኑ እንፋሎት ካሾለከ እሱን ብቻ ቀይሩ፣ የድስቱን ስያሜና ስፋቱን በሴንቲ ሜትር ይዛችሁ። የእንፋሎት መውጫዋን ቀዳዳ በየጊዜው አጮልቃችሁ እዩ፣ የምስር ቅርፊት ይደፍናታል።

ጠዋት ጠዋት እሳቱ ይደክማል፣ ቀን ላይ ደህና ነው። ሬጉሌተሩ ነው?

ሊሆን ይችላል፣ ግን መጀመሪያ ቅዝቃዜውን ጠርጥሩ። ቡቴን ከፈሳሽ ወደ ጋዝ የሚቀየረው ከዜሮ ዲግሪ ትንሽ ዝቅ ብሎ ስለሆነ ሀዋሳ ላይ ጨርሶ አይቆምም። ነገር ግን ሲሊንደሩ ትንሽ ከሆነ፣ ሊያልቅ ከደረሰና ሁለቱን እሳት አንድ ላይ ከከፈታችሁ ራሱን እያቀዘቀዘ ግፊቱ ይወርዳል። አንዱን እሳት አጥፉና እዩት። ከተስተካከለ ሬጉሌተሩን አትውቀሱ። ሲሊንደሩን በፍም የሚያሞቅ ሰው አይቻለሁ። ፀሐይ እስክትወጣ መጠበቅ ይሻላል።

ማብሪያውን ተጭኜ ስይዝ ይበራል፣ ስለቀው ይጠፋል። ምድጃው ሞተ?

አልሞተም፣ ቴርሞካፕሉ ነው። ከበርነሩ ጎን ቀጥ ብላ የቆመች ትንሽ የብረት ጣት አለች። እሳቱ ሲያሞቃት ከ20 እስከ 30 ሚሊ ቮልት የምትሆን ኤሌክትሪክ ታመነጫለች፣ ያቺም ጋዙን ከፍታ ትይዛለች። እሳቱ በነፋስ ከጠፋ ጣቷ ትቀዘቅዛለች፣ ጋዙም ራሱ ይዘጋል። ሐይቅ ላይ ነፋስ በየቀኑ እሳት ያጠፋል፣ ስለዚህ ምድጃው ላይ ካለው ሁሉ ለእናንተ ይቺ ትበልጣለች።

መጀመሪያ ጥላሸቷን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብላችሁ ጥረጉ። ጫፏ እሳቱ ውስጥ መግባቷን እዩ፣ ተጣማ ከሆነ ወደ ቦታዋ መልሷት። ከዛ በሌላኛው ጫፍ ያለችውን ብሎን ፈትሹ፤ በእጅ ጠብቃ በቁልፍ ትንሽ ብትዞር ይበቃታል፣ ከመጠን በላይ ካጠበቃችሁ ውስጧ ይሰበራል። ይህ ሁሉ ካልሠራ ይቀየራል። አንዳንድ ሠራተኛ ግን «ላውጣልህና ያለሷ ይሠራል» ይላል። እውነቱን ነው፣ ይሠራል። እሳቱ ጠፍቶ እናንተ ዓሣ ስታጸዱ ጋዙም መፍሰሱን ይቀጥላል።

ከውጭ የመጣ ምድጃ ገዛሁ። ሁሉ ነገር አዲስ ነው፣ እሳቱ ግን በጣም ትልቅና ቢጫ ነው።

ከምድጃው ጀርባ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። በብዙ አገር ቤት ለቤት በቧንቧ የሚመጣው የተፈጥሮ ጋዝ ነው፣ ግፊቱም ዝቅተኛ ነው፣ ስለዚህ የሱ ኖዝል ቀዳዳ ሰፊ ነው። የኛን የሲሊንደር ጋዝ በዛ ቀዳዳ ስትለቁት ከሚገባው በላይ ይወጣል፣ አየሩ አይበቃውም፣ ጥላሸትና ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመጣል። ሬጉሌተር ብትቀያይሩ አይስተካከልም፣ ማብሪያውን ዝቅ ማድረግም መፍትሔ አይሆንም።

ብዙ ጊዜ በካርቶኑ ጥግ፣ ከብሎኖቹ ጋር፣ ቀዳዳቸው ጠበብ ያለ ኖዝሎች በትንሽ ፌስታል ታስረው ይመጣሉ። ሰው ትርፍ ብሎን መስሎት ይጥላቸዋል። ካርቶኑን ገና ካልጣላችሁት ሂዱና ፈልጉት።